በአንድ መቀነት ጮቄን

ስልኩ የተደወለው ሰኞ ከሰዓት ነው። ደዋዩ የወይዘሮ ወለተ ሥላሴ የእህት ልጅ የኋላሸት ነበር፤ ከጮቄ ተራራ ማዶ። «እናቴ እህል አልቀምስ ካለች ሳምንቷ ነው። ወለተ ሥላሴን ጥሩልኝ ትላለች» አለ።

ከደብረ ማርቆስ ወደዚያ የሚሄድ መኪና ከቆመ ሰንብቷል። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ ደግሞ ተነሡ። ታላቅ እህታቸውን የብርጓልን ካዩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

«በእግሬ ሄጄ አያቸዋለሁ» አለች የልጅ ልጃቸው እየሩስ። ኮሌጅ ሳለች ከጓደኞቿ ጋር ተራራ ስትወጣ የኖረች ናት። ደብተሯን አውጥታ መንገዱን በሰዓት ሸነሸነችው። «ነገ ሮብ ገበያ ከተማ አድራለሁ። ረቡዕ ጠዋት ዳገቱን እይዛለሁ፤ አምስት ሰዓት ላይ ምሳ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ጫፉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እማማ የብርጓል ቤት።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ጮቄን ብቻዋን የምትወጣ ደመና ናት» አሉ፤ ከበሩ ኋላም ዘንጋቸውን አነሡ።

የወይዘሮዋ አባት የመንገድ አቆጣጠር ሌላ ነበር። በበቅሎ እህል እየጫኑ ተራራውን ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ «አራት ምንጭ ነው» ካሉ መንገዱ አራት ምንጭ ነው። ጉም ሲወርድ ሁለቱን ሴቶች ልጆቻቸውን ወገብ ለወገብ በአንድ መቀነት ያስሯቸዋል። አንድ ቀን የብርጓል ያመለጠች በቅሎ ልትመልስ ብላ መቀነቱን ፈታችና ጉሙ ውስጥ ገባች። ትንሿ ወለተ ሥላሴ ባዶውን ጫፍ ይዛ፣ እህቷ እስክትመለስ ድረስ ስታለቅስ ቆየች። ከዚያ ወዲህ የሚወዱት ሰው ከዓይናቸው በራቀ ቁጥር እጃቸው ወገባቸውን ይዳብሳል።

ማክሰኞን በባሕር ዛፍ ጥላ፣ በገብስና በድንች ማሳ መሃል ሲያዘግሙ ዋሉ። አያት መንገዱን እየተረኩ ይሄዳሉ።

«እዚህ ጋ አንደኛው ምንጭ አለ።»

«ይሄ ቦኖ ነው፣ እማማ።»

«ከሥሩ ምንጭ ነው። ጠጪ ብቻ።»

ረቡዕ ማለዳ ከሮብ ገበያ ሲወጡ ገበያተኛው ቁልቁል ይወርድ ነበር። አንዲት ድንች ያዘለች ሴት ቆም ብላ፣ «እናቴ፣ ገበያው ወደታች ነው» አለቻቸው።

«የኔ ገበያ ላይ ነው» አሉና አለፏት።

አምስት ሰዓት ሲሆን እየሩስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስንቁን ፈታች። በሶው ተጨብጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አያቷ ፊታቸውን አዞሩ።

«ረቡዕ ነው። በዘጠኝ ሰዓት እቀምሳለሁ።»

«ንስሐ አባትዎ እኮ መንገደኛ ይብላ ብለዋል።»

«እንግዲያው እሳቸው ይብሉ። እኔ የታመመች እህቴን ጾም ገድፌ አልጠይቅም።»

ከዚያ በላይ ዛፍ የለም። የጓሳው ሣር ይተኛል፣ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ብቻ እንደ ሰው ተገትረው ይቆማሉ። ነፋሱ ነጠላቸውን ገፈፈው። ሰማዩ ጠቆረ፤ በረዶ ጣለ፤ ወዲያው ጉሙ ተንከባሎ መጣና ዓለሙን ዋጠው። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ አሥር ክንድ መቀነታቸውን ከወገባቸው ፈቱ፤ አንዱን ጫፍ ለራሳቸው፣ ሌላውን ለልጅቱ አሰሩ።

«ሰው ቢያየን ምን ይላል?»

«እዚህ የሚያይሽ ጅብራ ነው።»

የተራራውን ጫፍ አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ የእየሩስ እግር በበረዶው ላይ ተንሸራተተ። መቀነቱ ተወጠረ። አያት ዘንጋቸውን ተክለው፣ ተረከዛቸውን ቀብረው ያዟት፤ ልጅቱም በጓሳው ተንጠልጥላ ወጣች። ሁለተኛ እርምጃ ሳይሄዱ ግን የእሳቸው ጉልበት ከዳቸው። ከማለዳ ጀምሮ ባዶ የዋለ ሆድ ነው የጣላቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ወለም አለ።

«ልዘልዎ።»

«በዚህ በረዶ? ሁለታችንም ገደል።»

ስልኩ አይሠራም። መንደሩ ከጅረቱ ማዶ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ተቃቅፈው ቢቀመጡ ማታ ብርዱ ሁለቱንም ይጨርሳቸዋል፤ የብርጓልም በር በሩን እያዩ ይቀራሉ። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ይህን ሁሉ ያውቁታል። እጃቸው ግን ቋጠሮውን ይዞ አልላቀቅ አለ። የራሰ ቋጠሮ ነበር፤ በጥፍራቸው ነው የፈቱት፤ ከራሳቸው ወገብ።

«ጅረቱ ዳር ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት የአስታ ዛፎች አሉ። መቀነቱን ከወዲህኛው እሰሪ፣ እሱን ይዘሽ ተሻገሪና ከወዲያኛው ቋጥሪው። ለመመለሻ እዚያው ተዪው።»

«እንዳይነሡ።»

«በየትኛው እግሬ?»

ልጅቱ ጉሙ ውስጥ ገባች። እጃቸው ወገባቸውን ዳበሰ፤ ምንም የለም። ከዚያ ጨርቁን ፈቱና ሰዓቱን ሳያዩ ከበሶው ጭብጦ ጎረሱ።

ጥቂት ቆይቶ ከጅብራዎቹ መሃል አንዱ ተንቀሳቀሰ። ጅብ ነበር። በዘንጋቸው ድንጋዩን ቀጠቀጡት፤ ፈቀቅ አለ፣ ተመለሰ።

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» አሉት። እየቀጠቀጡም መንገዱን ይተርኩለት ጀመር፤ አባታቸውን፣ በቅሎዎቹን፣ ምንጮቹን በየተራ። ድምፃቸው እንዳይቋረጥ ነው። «ሦስተኛው ምንጭ ጋ ስንደርስ የብርጓል እግሯን ነከረች፤ አባቴ ተቆጣ...» ሲሉ ጅቡ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ።

ጉሙ ሲገለጥ ከታች የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። ከፊት እስከ ወገቧ የራሰች እየሩስ፣ ከኋላ የኋላሸት።

«አክስቴ፣ ደኅና ነዎት?»

«ጅብ በወሬ አሰልችቼ ሸኘሁ። እናትህስ?»

«አለች። በሩን ክፈቱልኝ ብላ ቁጭ ብላለች።»

በበቅሎ አወረዷቸው። ጅረቱ ጋ ሲደርሱ አስታዎቹ እንደ ድሮው ቆመዋል፤ መቀነቱ ከውኃው በላይ ተወጥሯል። የኋላሸት ሊፈታው እጁን ቢሰድ፣ «ተወው፤ ሌላም መንገደኛ አለ» አሉት።

የብርጓል ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ተሳስመው ሳይጨርሱ የእህታቸውን ወገብ አዩ።

«መቀነትሽ የታል?»

«ለልጅቱ ፈታሁላት።»

«አንቺ?»

«እኔ።»

«አላለቀስሽም?»

«በሶ በላሁ።»

የብርጓል መጀመሪያ በዓይናቸው፣ ቀጥሎ በትከሻቸው ሳቁ። ከዚያ የቀጠነ እጃቸውን ከጋቢው ሥር አወጡ።

«ተርፎ እንደሆነ» አሉ፣ «ለኔም ቆንጥሪልኝ።»