የጠበበው ወረፋ

የክሊኒኩ ባለቤት በገዛ ክሊኒካቸው ተኝተው ሲታከሙ፣ እዚያው አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ልባቸው ሲደክም የአልጋው ማሽን በኔትወርኩ፣ በሰርቨሩ በኩል ደወል ልኳል፤ የነርሶቹ ክፍል ግን ጭጭ ብሏል።

ዝንብ ከጣሪያ ላይ ብትንሸራተት በየትኛው እግሯ እንደሆነ የምትለይ መርማሪ ተጠራች፤ ሰዉ «ወንፊት» ይላታል። የሰርቨሩን ክፍል አሸገችና ወጣቱን ቴክኒሻን አስጠራች። ሟቹ አጎቱ ናቸው፤ ያሳደጉትም እሳቸው።

«የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ እሰሪኝ» አላት።

ጠዋት ፍጥነት ሊሞክር ብሎ፣ የሰርቨሩ ኔትወርክ ካርድ የሚገባውን መረጃ የሚያሰልፍበትን ወረፋ አጥብቦ ነበር። ከሰዓት በኋላ ትልቅ የፋይል ቅጂ ሲጎርፍ ወረፋው ሞላ፤ ደወሉም ሞልቶ ከፈሰሰው ጋር ጠፋ።

የቴክኒሻኑ አለቃ ከቀትር በፊት ወደ ቤቱ እንደሄደ ተናገረ። የልጁን ነገር ግን ሳይጠየቅ ዘረገፈው።

«ዝርክርክ ነው፣ እመቤቴ። በትእዛዝ ነካክቶ ተወው እንጂ ማሽኑ ሲነሳ የሚያነበው መነሻ ፋይል ላይ እንኳ አልጻፈውም። ልወጣ ስል አይቼዋለሁ።»

«ይምሉበታል?»

«አንገቴን እሰጣለሁ።»

የክሊኒኩ ሐኪም ደግሞ ቀትር ላይ መብራት ጠፍቶ እንደተመለሰ፣ ልጁም ከዚያ ወዲህ የቀዶ ጥገና ክፍሉን አምፖል ሲጠግን ከዓይኗ እንዳልተለየ መሰከረች።

ወንፊት ሁሉንም ሰበሰበች። የልጁ እናት፣ የሟቹ እህት፣ «ወንድሜን ቀብሬ ልጄን ላሳስር?» እያለች ግድግዳ ተደግፋለች።

«በእጅ የታዘዘ ለውጥ ፋይል ላይ ካልተጻፈ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ይረሳዋል» አለች ወንፊት። «እንዳልተጻፈ አለቃው ምለውልናል። መብራቱ ሲጠፋ ሰርቨሩም ጠፋ፤ ሲነሳ ወረፋው እንደ ድሮው ሰፋ። እኔ ስከፍተው ግን ጠባብ ነበር። ከመብራቱ በኋላ ሌላ እጅ ነክቶታል ማለት ነው። የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰዎች ያውቃሉ፤ አንደኛው ከሐኪሟ ጋር ነበር።»

ዓይን ሁሉ ወደ አለቃው ዞረ። ሟቹ ከአልጋ ሲነሱ የአለቃውን ወንበር ለልጁ እንደሚሰጡ ተናግረው ነበር።

«ከቤት ሆኜ ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ አጠበብኩት» አለ አለቃው፣ መሬት መሬት እያየ። «ጥፋቱ በሱ እንደሚላከክ አውቄ።»

እናትየው እልል ልትል አፏን ከፈተች። ልጇ ግን ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ።

«ጠዋት አለቃዬ ‹እንዴት ነው የሚጠበው?› ብሎ ጠየቀኝ፣ እማዬ። ደስ ብሎኝ፣ ደጋግሜ አሳየሁት።»

እጁን ይዛ ልታስነሳው ሞከረች። አልተነሳም።