ቧንቧውን አልመታሁትም

«ባትሪውን አስተካክለሽ ያዥ እንጂ! የት ነው የምታበሪው?»

ነፃነት ብርሃኑን ወደ ቧንቧው መለሰች። አባቷ እንደሻው ከማድ ቤቱ የእቃ ማጠቢያ ሥር ተንበርክኮ፣ የሚያፈሰውን የመዳብ ቧንቧ መገጣጠሚያ በጋዝ እሳት እያሞቀ ነው። ሁለት ጊዜ በየደው፣ ሁለት ጊዜ ተከፈተ። ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቱ የእሷ ሆነ። «ነፃነት በጄሪካን መታችው» ብሎ መጀመሪያ ለእናቷ፣ ቀጥሎ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገረ።

አሁንማ በሰፈራቸው፣ በፈላና በር አካባቢ፣ ስሟ ሌላ ሆኗል። «ቧንቧ ሰባሪዋ፣ እንዴት አደርሽ?» ይላታል ባለሱቁ ሙሜ፣ ደብተር ልትገዛ ስትሄድ። እሱ ይስቃል። እሷን ምኑም አያስቃትም። አልመታችውም! ጄሪካን እዚያ አስጠግታ እንኳ አታውቅም።

እንደሻው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ብየዳ ያስተምራል። ሰፈሩ በሙሉ የብረት ቧንቧ ሲዘረጋ እሱ «አይዝግም» ብሎ መዳብ አስገባ፤ ሲኮራበት ኖረ። ባለፈው ሳምንት እናቷ በለጡ ከኤረር በር ቧንቧ ሠራተኛውን ዑመርን ጠርታ ነበር። ዑመር ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አቦ መምህር፣ ውስጡ ውሃ አለ እኮ! ውሃ እያለ ብየዳ አይይዝም፣ ወላሂ። እኔ ማያያዣ ላስገባበትና በመጭመቂያዬ ጭምቅ ላድርገው። እርጥብም ቢሆን ይይዛል።»

«መጭመቅ የሰነፍ ሥራ ነው» አለ እንደሻው። «ተማሪዎቼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?»

ዑመር መሣሪያውን ሸክፎ ሄደ።

ቧንቧው እንዲደርቅ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ቫልቩ አርጅቶ በደንብ አይዘጋም። የከተማው ቧንቧ ውሃ ከመጣ ደግሞ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። የሚጠጡትም የሚያበስሉበትም ሮቶው ውስጥ የቀረችው ውሃ ናት። ሐረር ላይ ይህችን ማን ይደፋታል?

ነፃነት በባትሪው ብርሃን ቁልጭ አድርጋ አየች። ከቧንቧው ውስጥ አንዲት ጠብታ መጥታ የጋለው መዳብ ላይ ትሽ አለች። የቀለጠው የብየዳ ሽቦ መያዝ አቅቶት ተድቦልቡሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። አባቷም አየ። ከዚያ እሳቱን አጠፋ።

«በቃ፣ ያዘ» አለ። «አሁን ደግሞ በጄሪካን ምቺውና አሳይሻለሁ!»

ያውቃል ማለት ነው! ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር። ደሟ ፈላ።

«አልያዘም፣ አባዬ። ውሃው ሲመጣ አይተሃል። እኔም አይቻለሁ።»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«አልመታሁትም! አንድም ቀን አልመታሁትም፤ አንተም ታውቃለህ።»

መገጣጠሚያው መንጠባጠብ ጀመረ። ነፃነት ሳህን አንስታ ከሥሩ አስቀመጠች። አባቷ እጁን በጨርቅ ብዙ ጠረገ፤ ከጸዳም በኋላ ጠረገው።

«ሂጂ፣ ዑመርን ጥሪው» አለ ሳያያት። «ግማሽ ኢንች ነው በይው፤ ልኩን ይዞ ይምጣ።»

ነፃነት በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። እያንዳንዷ ጠብታ ከሮቶው ነው የምትሄደው። መሮጥ ነበረባት። አልሮጠችም።

«ምን ይገትርሻል?»

«መጀመሪያ ለእማዬ ንገራት።»

ፊቱ ቀላ። ሊመታኝ ነው ብላ ጠበቀች፤ ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም። እንደሻው በአጠገቧ አልፎ ወደ ግቢው ወጣ። በለጡ ምስር እየለቀመች ነበር።

«በለጡ» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ ቧንቧ... ልጅቷ አልነካችውም። ብየዳዬ ነው ያልያዘው።»

በለጡ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ባሏን አየችው፤ ቀጥላ ልጇን።

ነፃነት ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ኤረር በር ሮጠች። ሙሜ ከሱቁ ብቅ ብሎ «ቧንቧ ሰባሪዋ! ወዴት ነው?» አላት።

«ማን እንደሰበረው አባዬን ይጠይቁት!» አለች፤ ሳትቆም።