ውል የማይወዱት አከራዬ

ሃይላይን ያወቅሁት ተኝቼ ነው። ሳቃችሁ ከመጣ ሳቁ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ግንቦት 2006 ዓ.ም. ነበር። የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ለአነስተኛ ነጋዴዎች ስለ ግብር እና ስለ ንግድ ሕግ የሦስት ቀን ስልጠና ይሰጣል ተባለ። እኔ ደግሞ መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ውስጥ የምትገኝ የአንዲት ጠባብ ልብስ ስፌት ቤት ሰፊ ነኝ። የተመራቂ ተማሪዎች ሱፍ ተከምሮብኝ ሳምንቱን በደንብ አልተኛሁም። ከአዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም።

ዓይኔን ስገልጥ አዳራሹ ባዶ ነው። አሠልጣኙ ብቻውን ወንበር ይደራርባል።

«ሓፍተይ፣ የዛሬው አልቋል» አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው።

«ምን አስተማርክ?»

«ብዙ። የሚሰማኝ ግን አልነበረም።» ከደረደራቸው ወንበሮች አንዱን መልሶ አውርዶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ድምፁ እንደኔው የዛለ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲያወራ የዋለ ሰው ለኔ ለአንዷ ሲል ሀ ብሎ ጀመረ። መጀመሪያ የወደድኩት ያንን ትዕግሥቱን ነው።

«የንግድ ፈቃድ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው አይተላለፍም» ሲል የቀረው እንቅልፌም በረረ። አራት ዓመት የሠራሁት በወንድሜ በይበልጣል ስም በወጣ ፈቃድ ነው። እሱ ሚስት አግብቶ ደሴ ከገባ ቆየ። ድካሙ የኔ፣ ስሙ የሱ።

ይህን ነግሬው «ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?» አልኩት።

«በሕግ ዓይን ሱቁ ውስጥ የለሽም» አለ፤ ሲናገረው እሱን ራሱን ከፋው።

ከዚያ በኋላ ሱቅ መመላለስ ጀመረ። ሰበቡ ሱሪ ማሳጠር ነው። አንዱን ሱሪ ሦስት ጊዜ አሳጥሬለት ቁምጣ ሊሆን ምንም አልቀረው። ብዙም አናወራም። እኔ እሰፋለሁ፣ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ያየኛል፤ ቀና ስል ወደ መንገዱ ይዞራል። ለደከመው ሰው እንዲህ ያለ ዝምታ ዕረፍት ነው።

ሰኔ ገባና ይበልጣል ደወለ። «ደሴ ሰፊ ሱቅ ከፍቻለሁ። የመቀሌውን ፈቃድ እስከ ሐምሌ መጨረሻ እመልሳለሁ፤ የስፌት መኪናዎቹን ጭነሽ ነይ።» ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። እኔን እንደ ራሱ እጅ መቁጠር ለምዶበት ነው።

ለሃይላይ ነገርኩት።

«እንጋባ» አለ። «እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ ፈቃዱን በእናቴ ስም እናወጣዋለን። አንቺም እዚሁ ትቀሪያለሽ።»

ጆሮዬን አላመንኩትም። «ከወንድሜ ስም ወጥቼ እናትህ ስም ውስጥ ልግባ? ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ስታስተምር የነበረው ምንድን ነው?»

«እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ ነው፣ ሰርካዲስ።»

«እኔም መሄዱን እፈራለሁ። በሰው ስም መኖር ግን ታከተኝ። ሂድልኝ።»

ሄደ፤ በዚያው ቀረ። እያለቀስኩ የሰፋሁት ሱፍ ስንት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቢሆንም በራሴ ስም ፈቃድ ለማውጣት ተነሳሁ። የቀበሌ መታወቂያ አለኝ፤ ለግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩም አሻራ ሰጠሁ። የቀረኝ የሱቁ ኪራይ ውል ብቻ ነው። እናቴ ለማለት ኣደይ የምላቸው አከራዬ ለተመድህን ግን ውል ሲባል ፊታቸው ይለዋወጣል። የወረቀት ነገር የሚጨርሱት ባላቸው ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ኣደይ ማኅተም ያለበት ነገር ሁሉ ያስፈራቸዋል።

«ኪራዩን በእጄ ስጪኝ፣ ጓለይ፣ ልጄ። ውል ግብር ይጠራል» ይሉኛል። ሦስት ጊዜ ለምኜ ሦስት ጊዜ በእምቢታ ተመለስኩ። ሐምሌ ሲጋመስ ተስፋ ቆርጬ የስፌት መኪናዎቹን ብሎን መፍታት ጀመርኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ጓዳ ሆኜ ጨርቅ ሳጥፍ ከግቢው የሃይላይን ድምፅ ሰማሁ። ኣደይ በረንዳው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«ኣደይ፣ የቀራት የእርስዎ ውል ብቻ መሆኑን ቢሮ ሰማሁ። ግብሩ በኪራዩ በሙሉ ላይ አይደለም የሚታሰበው። ለቤት እድሳት ተብሎ የሚቀነስ አለ። እየሰጉ ከመኖር አስታውቆ መክፈል ይሻላል።»

«ቅጹን ማን ይሞላልኛል፣ ልጄ ወደይ? ዓይኔም ደክሟል።»

«እኔ እሞላለሁ።»

«ዘንድሮ ትሞላለህ። ለከርሞስ?»

«ለከርሞም።»

«ከዚያ ወዲያስ?»

«በየሐምሌው እመጣለሁ፤ እሷ እዚህ እስካለች ድረስ።»

ምስር መልቀማቸውን አቆሙ። «አባርራህ የለም እንዴ?»

«አባርራኛለች። ጥፋቱም የኔ ነው። ብትታረቀኝም ባትታረቀኝም ቅጹን እሞላለሁ። እወዳታለሁ፣ ኣደይ። ውሉ ግን በራሷ ስም ይሁንላት።»

ማጠፌን ትቼ ጨርቁ ላይ ቁጭ አልኩ።

ኣደይ ለተመድህን ምስሩን ወደ ጎን አደረጉ። «ሕራይ፣ እሺ» አሉ። «ነገ ውልና ማስረጃ ውሰዱኝ። ቀስ ብላችሁ ግን፤ እግሬን ያመኛል።»

ይበልጣል ተቆጣ፤ አንድ ሳምንት ኩርፊያ ላይ ቆይቶ ፈቃዱን መለሰ። እኔም ከወረፋ ወረፋ ስንከራተት ሰንብቼ ሐምሌ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው የራሴን ተቀበልኩ። ስሜን ከነአባቴ ደጋግሜ አነበብኩት። ሃይላይ ከቢሮው ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ቅጽ ሲሞላ ስላደረ ዓይኑ ቀልቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሃይላይ፣ ያንን ጥያቄ እንደገና ጠይቀኝ።»

«የትኛውን?»

«እናትህ የሌሉበትን።»