የታቀፈው ፕሮጀክት

ሟቹ የተገኙት በመድኃኒት ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ፣ በሩን ተደግፈው እንደተቀመጡ ነው። ቀኝ እጃቸው ከውስጠኛው መክፈቻ ቁልፍ ሥር ወድቋል። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው አንጋፋ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነበሩ። የበሩንም ሶፍትዌር የሚሠራው ይኸው ቢሮ ነው።

መርማሪዋ ኮቷን እንደለበሰች ገብታ በሩን ዘጋችና ቁልፉን ተጫነችው። ቀይ መብራት በራ፤ በሩ ግን ፍንክች አላለም። ውጭ ያቆመችው ፖሊስ ከፈተላት።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የቢሮውን ባለቤት ነው።

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

«በአንዲት ቃል ምክንያት!» አለ ፊቱን በመዳፉ እየጠረገ። «የፕሮግራሞቻችንን ለውጥ የሚያስቀምጥልን የራሳችን ሶፍትዌር አለ። አንድ ፕሮጀክት ሌላ ፕሮጀክት ውስጥ ሲገባ ምን እንበለው ነበር ክርክሩ። እኛ ‹የታቀፈ› አልን። እሳቸው ‹የተጠቆመ› ካላላችሁ ሞቼ እገኛለሁ...» ዐረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃተው። «‹አላቀፈውም፣ ጠቆመው እንጂ! ይሄ ስም አንድ ቀን ሰው ይጎዳል› ብለው ጮኹብኝ። እኔም አፌ አላረፈም፤ ‹ጡረታ ይውጡ› አልኳቸው።»

ቀጥሎ በሮቹን የሚፈትሸው ሞካሪ ገባ።

«ደንባችን አንድ ሰው ሲገባ ሌላው ውጭ ይቆማል ነው» አለ ወለሉን እያየ። «ትናንት ሥራ ሲያበቃ ግን ጋሼ ‹አንተ ሂድ፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል፤ በሩን እኔ እሞክረዋለሁ፤ መክፈቻውን ልጄ ጠግናዋለች› አሉኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ።»

የመጨረሻዋ የሟቹ ልጅ ነበረች፤ እሷም እዚያው ፕሮግራም ጸሐፊ ነች። ዓይኗ አብጧል። መርማሪዋን ቀድማ ጠየቀቻት።

«ጥገናዬ ነው አባዬን የገደለው? እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ምን ነበር የጠገንሽው?»

«ብርዱ ሲበረታ በሩ የውስጡን ቁልፍ አይሰማም ነበር። አስተካከልኩት። መብራቱንም ከቀይ ወደ አረንጓዴ ቀየርኩት። አባዬን ላስደንቀው ብዬ ስለ መብራቱ አልነገርኩትም፤ ‹ጨርሻለሁ፣ በሩ ላይ ገብቷል› ብቻ አልኩት።»

መርማሪዋ ተመልሳ ቁልፉን ደግማ ተጫነች። ቀይ ነው። ከዚያ ሦስቱንም በሩ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ገዳይ ፍለጋ ነበር የመጣሁት» አለች። «መብራቱ ግን ቀይ ነው። እንግዲያው ጥገናው በሩ ላይ አልደረሰም፤ እሷ በሠራችበት ትንሹ ፕሮጀክት ውስጥ ቀርቷል። ጋሼ እንዳሉት፣ በሩ ላይ የሚጫነው ትልቁ ፕሮጀክት ከትንሹ የቱን ቅጂ እንደሚወስድ የሚጠቁም ምልክት ብቻ ነው ያለው። ምልክቱ ካልተዛወረ አሮጌውን ይወስዳል። ተሳሳትኩ?»

ባለቤቱ በአሉታ ራሱን ነቀነቀ።

«ምልክቱን ማን ነበር የሚያዛውረው?»

ባለቤቱ ወደ ሞካሪው ተመለከተ።

«ጋሼ» አለ ሞካሪው። «እኛ ስንረሳ ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ታመው ቤት ነው የዋሉት።»

«እሷ ያን ጊዜ ጠገነች። ትልቁን በሩ ላይ የጫነው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ባለቤቱ። «የታቀፈው አብሮ ይመጣል ብዬ።»

«እሷም እንደዚያው አሰበች። ጋሼ የሌላውን ሥራ ቢሆን ሳያዩ አያልፉም ነበር። የልጃቸውን ግን ሳያዩ አመኑ። ሞካሪውን ያሰናበቱትም ለዚህ ነው። እጁን ያነሳባቸው ሰው የለም።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ጥገናሽ አልገደላቸውም።»

«‹የታቀፈ› የሚለውን ቃል ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ። «ከጭቅጭቁ በኋላ ለአባዬ ነገርኩት። ሳቀና ‹ካንቺ ከሆነማ ያምራል› አለኝ።»

መርማሪዋ ብዙ አስከሬን ያየች ሴት ናት። አሁን ግን ኮቷን አውልቃ ልጅቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት።

ልጅቷ ከበሩ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ጋ ተቀመጠች። ከሶፍትዌራቸው ውስጥ «የታቀፈ» የሚለውን አጥፍታ «የተጠቆመ» ብላ ጻፈች። ምልክቱን አዛወረች፣ በሩ ላይ ጫነችው፤ ከዚያ ተነስታ ወደ ብርዱ ገባች። ማንም ሳይነግረው ሞካሪው ሄዶ ውጭ ቆመ።

በሩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶም ተከፈተ፤ በውስጡ አረንጓዴ መብራት በርቷል።

«ይሠራል፣ አባዬ» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያባብላት አልቻለም።