ሐሙስ ሐሙስ ያወራሁት መጽሐፍ

እኛ መጋዘን ውስጥ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ «ደህና ዋልክ?» የሚል ሰው አልነበረም። «ምን ላይ ነህ?» ነው የሚባለው። ምን እያነበብክ ነው ማለት ነው።

ልማዱን ያመጡት የመድኃኒት መጋዘኑ ኃላፊ ናቸው። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሰው የሚገላምጡ ሴት ነበሩ። ካርቶኖቹ መሃል ክብ ሠርተን እንቀመጥና እያንዳንዱ በተራው የያዘውን መጽሐፍ ያወራል፤ ደስ ያለው ከሱ ይዋሳል። ሕጉ አንድ ነው፤ መጨረሻውን መናገር ክልክል ነው። ሹፌራችን አንድ ቀን ገዳዩ ማን እንደሆነ አምልጦት ተናገረና እትዬ ወር ሙሉ አኮረፉት።

የእኔ ሥራ የመድኃኒቶቹን የአገልግሎት ጊዜ መቆጣጠር ነበር። ጊዜው ያለፈበትን እየለየሁ ቀይ ወረቀት እለጥፋለሁ። እዚያ ስቀጠር ታላቅ እህቴ ከሞተች አራት ወሯ ነው። በሌላ ከተማ ባልና ሁለት ልጆች ጥላ ሄደች። ለማንም አልተናገርኩም። ቢያንስ ሥራ ቦታ «እግዜር ያጥናሽ» ሳልባል መዋል አምሮኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሐሙስ ከጎኔ የተቀመጠው የቀዝቃዛ ክፍሎቹን ማሽኖች የሚጠግነው ልጅ ነው። «በረዶ» ይሉታል። ቀኑን ሙሉ ክትባት የሚቀመጥበት ብርድ ውስጥ ስለሚውል፣ ደግሞም ከአፉ ቃል ማውጣት ጥርስ እንደ መንቀል ስለሆነ። መጽሐፍ ሲነሣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ እጁ ሳይቀር ያወራል።

«ምን ላይ ነሽ?» አለኝ።

«ምንም ላይ።»

«ምንም ላይ ያለ ሰው እዚህ ምሳ አያምርበትም።» ከካፖርቱ ኪስ አንድ መጽሐፍ አወጣ። «በዚህ ጀምሪ። ካስለቀሰሽ ግን እንዳትረግሚኝ።»

አስለቀሰኝ። በመጽሐፉ አሳብቤ ለእህቴ አለቀስኩ። እናቴ በሩን ከፍታ አየችኝና «ምነው ልጄ?» ስትለኝ፣ «መጽሐፍ ነው» አልኳት። አራት ወር ሙሉ ያልወጣልኝ እንባ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አዋሰኝ። የቀዝቃዛ ክፍሉ ሙቀት በሚመዘገብበት ወረቀት ጀርባ ላይ የሆነ ነገር ይጽፍና መጽሐፉ ውስጥ ይከተዋል። «ገጽ ሰማንያ አራት ላይ ቀስ በይ» ይላል፤ ወይም «አክስቷን አትመኛት፣ ውሸታም ናት።» እኔም ገጽ ሰማንያ አራት ስደርስ ቀስ እላለሁ። እዚያ ሁልጊዜ የሚያምር ነገር አለ። እሱ ያለቀሰበት ቦታ እኔም አለቅሳለሁ፣ የሳቀበት እስቃለሁ፤ ሐሙስ ሲደርስ ዓይን ለዓይን እንተያያለን።

ወደድኩት። ሌላ ስም የለውም። ቀይ ወረቀት ልለጥፍ ሄጄ ደህናውን ሣጥን በቀይ አድምቄው መጣሁና እትዬ በመነጽራቸው አናት አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ቀልብሽን የት ጥለሽው ነው?» አሉኝ። ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። በረዶ ጆሮው ቀላ።

እዚያ ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ሲል፣ አንድ እሑድ እናቴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እናቴ ከባድ ነገር ልትናገር ስትል የቀሚሷን ጠርዝ ታጥፋለች።

«የእህትሽ ባል ጥሩ ሰው ነው» አለች።

«ነው።»

«ዕድሜ ልኩን ብቻውን አይኖርም። ሰው ነውና ያገባል። ልጆቹ የእንጀራ እናት ፊት እያዩ ያድጋሉ።» ጠርዙን አጠፈች፣ ዘረጋች። «አንቺ ብትሆኚ ግን… እሱም ልኮ ጠይቆናል። በግድ አልልሽም ልጄ። ትምህርት ቤት ሳይከፈት ሐሳብሽን ንገሪን ብሏል። ትልቋ ማታ ማታ የእናቷን ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ነው አሉ የምትተኛው።»

በግድ ብትለኝ ይሻል ነበር። እጣላት ነበር። እሷ ግን ይህን ብላ አንገቷን ደፋች፤ እኔም ሌሊቱን ሙሉ ያን ሻርፕ ሳስበው አደርኩ። እኔ ነበርኩ ገዝቼ የሰጠኋት።

ለበረዶ ምን ልበለው? «ሊወስዱኝ ነውና ጠይቀኝ» ልበል? እሱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ እኔ ቀድሜ ልለምነው? ኩራት ነው በሉት፣ ፍርሃት ነው በሉት፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሐሙስ ክቡ ውስጥ ተቀምጬ ተራዬ ሲደርስ፣ «ምን ላይ ነሽ?» አሉኝ እትዬ።

«አንድ መጽሐፍ ላይ ነኝ» አልኩ። «አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። እህቷ ሞታባታለች።»

እንዲህ ጀመርኩት። ራሴን ልብስ ሰፊ አደረግኩ፤ የእህቴን ባል አስተማሪ አደረግኩት። ከልብስ ስፌቱ ቤት ፊት ለፊት ደግሞ ዝምተኛ ሰዓት ሠሪ አስቀመጥኩ። ልጆቹን ግን መለወጥ አቃተኝ።

«ርዕሱ ምንድን ነው?» አለ ሹፌሩ።

«ሽፋኑ ተገንጥሏል።»

«ደራሲውስ?»

«እሱም ከሽፋኑ ጋር ሄዷል።»

ሳቁ። በረዶ ግን «አምጪውና ልጠርዝልሽ» አለኝ።

«የሰው ነው። ከቤት አይወጣም።»

ሦስት ሐሙስ አወራሁት። ውሸት አንዴ ከጀመሩት ራሱ መንገድ ይመራል። ሰው ሁሉ ምሳውን ጥሎ ይሰማኛል። እትዬ ለልጆቹ ቆሙ፤ «የሙት ልጅ እንባ መሬት አይወድቅም» አሉ። ሹፌሩ ለሰዓት ሠሪው ቆመ፤ «ልብ ሌላ ቦታ ቀርቶ ሰውነት ብቻ ቢሄድ ምን ይጠቅማል?» አለ። ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም።

«ቆይ ግን» አለ ሹፌሩ በመጨረሻ፣ «ሰዓት ሠሪው ይወዳታል ወይ?»

በረዶን እያየሁ «አላውቅም» አልኩ። «አልተጻፈም።»

በረዶ ጉልበቱን አቅፎ ወለሉን ያይ ነበር።

ለእናቴ መልስ የምሰጥበት ቀን ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ቀዝቃዛ ክፍሉ ድረስ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሞ የሙቀት መለኪያውን እያየ ይመዘግባል። እስትንፋሱ ይታያል።

«ያ መጽሐፍ» አልኩት፣ «መጨረሻው ጋ ደርሻለሁ። ከማንበቤ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ብትሆን እንዴት ትጨርሰዋለህ?»

እስክሪብቶውን ጥርሱ ላይ አድርጎ አሰበ። ያቺን ደቂቃ እስካሁን አልረሳኋትም። «ትቅር» በለኝ እያልኩ በልቤ እለምነው ነበር። ትቅር ካለኝ እናቴ እግር ሥር ወድቄ እቀር ነበር።

«ትሂድ» አለ።

«ለምን?»

«እህቷን ትወዳታለቻ። ልጆቹን ጥላ ብትቀር ዕድሜ ልኳን ዕንቅልፍ አይወስዳትም። እኔ ብትቀር መጽሐፉን አላምነውም።»

«ሰዓት ሠሪውስ?»

«እሱ?» ሳቅ አለ። «ሰዓቱን ሲፈታታ ይኑራ! አፍ አውጥቶ ያልጠየቀን ሰው ምን ብላ ትጠብቀው? እንደዚህ ዓይነቱን ሰው አልወደውም።»

ከዚያ ወደ መለኪያው ዞረ። «ሦስት ነጥብ ሁለት» አለና መዘገበ።

የገባኝ እንዲህ ነው። በመጽሐፍ ጠየቅኩት፣ በመጽሐፍ መለሰልኝ። ገጽ ሰማንያ አራት ላይ ምን እንደሚሰማኝ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ያጣዋል ብሎ ማን ያስባል? አልፈልግሽም ማለቱ ነው አልኩ። በጨዋ ደንብ፣ ሳያሳፍረኝ። ቀይ ወረቀቶቼን ይዤ መደርደሪያዎቹ መሃል ገብቼ እስከ መውጫ ሰዓት አልወጣሁም።

በሁለተኛው ሳምንት ለቀቅኩ። «ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ» አልኳቸው። እትዬ ግንባሬን ሳሙኝ። በረዶ እስከ ግቢው በር ሸኘኝ፤ መንገዱን በሙሉ የካፖርቱን ቁልፍ ሲከፍትና ሲዘጋ ነበር።

«መጨረሻውን ሳትነግሪን» አለኝ።

«ክልክል ነው አይደል?»

«እኮ» አለ። ደግሞ ቆየና «ርዕሱን ካገኘሽ ጻፊልኝ» አለኝ።

የቀለደብኝ መሰለኝ። እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

አገባሁ። የእህቴ ባል ጨዋ ሰው ነው። ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም፤ ብዙ ቃልም ተነጋግረን አናውቅም። ልጆቹን ግን እንደ ነፍሴ ወደድኳቸው። ትንሹ በሁለተኛው ዓመት «እማዬ» አለኝ። ትልቋ እልኸኛ ናት፣ አምስት ዓመት ፈጀባት። ሻርፑን ዛሬም ሣጥኗ ውስጥ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች። በነሱ አልጸጸትም። አንዳንድ ቀን ግን ጥሩ መጽሐፍ አንብቤ ስጨርስ ዞር ብዬ የምነግረው ሰው አጣና ኩሽና ገብቼ ያለ ነገር ዕቃ አጥባለሁ።

በዘጠነኛው ዓመት ትልቋን ይዤ እናቴን ልጠይቅ ወደ ድሮው ከተማ መጣሁ። ቅዳሜ ነበር። ለልጅቷ የትምህርት መጽሐፍ ፍለጋ አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ገባን። ሻጩ ቀልደኛ ሽማግሌ ነው። ጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን አየሁ፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ነው።

«እነዚህን ደግሞ ማን ይገዛቸዋል?» አልኩት ለጨዋታ ያህል።

«አንድ ደንበኛ አለኝ። ሽፋን የሌለው በመጣ ቁጥር አስቀምጥለታለሁ። እህቷ የሞተችባት ልብስ ሰፊ ያለችበት መጽሐፍ ነው የሚፈልገው። ሰዓት ሠሪም አለበት አሉ። ዘጠኝ ዓመት!» ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ትጋቱ ሚስት ፈልጎ ቢሆን ይሄኔ የልጆች አባት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አይቀርም። ይኸው መጣ።»

ዞርኩ። ጸጉሩ ጎንና ጎኑ ሸብቷል። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«አንቺ» አለ።

«እኔ» አልኩ።

እጄን ጨበጠኝ፤ መልቀቁን ረሳው። «መጽሐፉን አላገኘሁትም» አለኝ፤ ሰላምታም ሳያስቀድም። «ያልጠየቅኩበት ቦታ የለም።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ሰዓት ሠሪውን ሰደብኩት አይደል? ከሄድሽ በኋላ ሳስበው እኔው ራሴ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገብሽ ተቀምጬ…» ተወው። «ያለ ምክንያት ደብዳቤ መጻፍ ፈራሁ። መጽሐፉን አግኝቼ ጨርሼ በሱ አሳብቤ ልጽፍልሽ ነበር። መጽሐፉ እንዲህ አለቀ፣ የኔ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው ልልሽ።»

አልገባውም ነበር። ለካ መጽሐፍ መስሎት ነው! ዘጠኝ ዓመት ያኮረፍኩት ሰው ምንም አላደረገኝም።

«እማዬ፣ አገኘሁት!» አለች ልጅቷ ከወዲያ።

ዞሮ አያት። «ልጅሽ ናት?»

አዎ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ዕድሜውን ሙሉ የሌለ ነገር ሲፈልግ ሊኖር ነው።

«የእህቴ ልጅ ናት» አልኩት። «እናቷ የሞተችው እኔ እናንተ ጋ ከመቀጠሬ አራት ወር ቀድሞ ነው። ታናሽ ወንድም አላት። አባታቸውን አግብቻለሁ።»

ልጅቷን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ልጅቷን። ፊቱ ላይ ነገሩ አንድ በአንድ ሲገባው አየሁት። እንደዚያ ያለ ነገር ዳግመኛ አያሳየኝ።

«መጽሐፍ አልነበረም» አለ።

«አልነበረም።»

«እኔ ደግሞ ትሂድ አልኩ።»

«አልክ።» እንባዬ መጣ። «ያንተ ብቻ ጥፋት አይደለም። እሷም አፍ ነበራት።»

ልጅቷ መጽሐፏን አቅፋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

«ደህና ናት?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልብስ ሰፊዋ?»

«ልጆቹን ትወዳቸዋለች» አልኩት። ውሸት አልነበረም። የቀረውን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ሻጩ ካርቶኑን ከጠረጴዛው ሥር እየጎተተ፣ «ወንድሜ፣ ዛሬ ሦስት መጥተውልኛል። ላሳይህ?» አለው።

«ተዋቸው» አለ በረዶ፣ ዓይኑን ከኔ ሳያነሣ። «ከእንግዲህ አታስቀምጥልኝ።»