ዘጠኙ አይታጠፍም

ጋሽ ጉግሳ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በገዛ ጓሯቸው፣ ከዋንዛው ሥር፣ ሞተው ተገኙ። ገመዱ ከቅርንጫፉ ተንጠልጥሏል፤ የማር ባልዲው አጠገባቸው ተደፍቷል፤ ከላይ ንብ የሞላው ቀፎ ያጉረመርማል። ያየ ሁሉ ያለው አንድ ነገር ነው፦ ማር ሲቆርጡ ወድቀው ነው። የቦንጋ ሰው ለሐዘን ሰነፍ አይደለም፤ ኢንስፔክተር ትሕትና ስትደርስ ድንኳኑ የት ይተከል የሚል ክርክር ተጀምሮ ነበር።

ይህቺን ሴት ወላጆቿ ትሕትና ሲሏት ምን አስበው እንደነበር እንጃ። ሰው ሲዋሽ ፊት ለፊት «ዋሸህ» የምትል ናት። ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ እጃቸውን፣ አንገታቸውንና ፊታቸውን አየች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ከማንኪራ በኩል የሚወርደው ጉም አጥሩን አልፎ ጓሮው ውስጥ ገብቷል።

«ሳጅን፣ ንብ የነደፈው ቦታ ይታይሃል?»

ሳጅን ወንድማገኝ ጎንበስ አለ። «የለም።»

«ንቡን የሚያጨሱበት ችቦስ ነዷል?»

«አልተለኮሰም።»

«ያለ ጭስ ሙሉ ቀፎ ጋ ወጥቶ አንዲት ንብ ያልነካችው ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?»

ትሕትና ያደገችው ሺሺንዳ ነው፤ አባቷ ማር ቆራጭ ነበሩ። ማር የሚቆረጠው ፀሐይ ከገባች በኋላ መሆኑን ፊደል ሳትቆጥር ነው ያወቀችው። ሬሳውን ያየው ሐኪምም ነገሩን አላቀለለውም፤ ማጅራታቸውን የመታቸው በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ነው፣ የወደቁት በቀትር ገደማ ነው፣ ከዚያ በኋላም አንድ ሰዓት ያህል ተንፍሰዋል አለ። ከበሩ እስከ ዋንዛው የተጎተተ ተረከዝ መሬቱን ሁለት መስመር አስምሮበታል።

ትሕትና ቀና ስትል ከጣሪያው ጠርዝ ሥር በተከመረው እንጨት ላይ አንድ ቢጫ ማልያ አየች። ደረቱ ላይ የተጠረገ ጭቃ አለበት። በሥርዓት ታጥፎ፣ ጀርባው ላይ ያለው ዘጠኝ ቁጥር ሙሉውን ወደ ላይ ሆኖ ተቀምጧል።

የማን ማልያ እንደሆነ ለማወቅ ቦንጋ ውስጥ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም። ከሃያ ዓመት በፊት ለጎጀብ ኮከብ ቡድን የተጫወተው የፈለቀ ነው፤ መብረቁ የሚሉት፣ ከመሀል ሜዳ መትቶ መረብ የሚቀድደው ፈለቀ። አምና በሕመም ሞተ። እሑድ ትንሹ ሜዳ በስሙ ሊሰየም ሰሌዳው ሳይቀር ተጽፏል። ዳሩ ግን እሱ የተጫወተበትን ጊዜ ሰው የመርፌው ዘመን ነው የሚለው። ከየቡድኑ ጉልበት በመርፌ የሚገዛ ተጫዋች ሲጋለጥ ከርሟል፤ የፈለቀን ነገር ግን ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። የሚያውቁት የቡድኑ ነርስ የነበሩት ጋሽ ጉግሳ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ሐሙስ ለአራት ሰዎች ደውለው «ስለ መርፌው የማውቀውን ሁሉ ቅዳሜ እናገራለሁ» አሉ። በማግስቱ ሞቱ።

ትሕትና ከአራቱ መጀመሪያ የሄደችው ያሲር ሱቅ ነው። ያሲር ለደጋፊዎች ማኅበር ማልያ የሚያሠራው ነጋዴ ነው። አንድ ባለ ዘጠኝ ቁጥር ቢጫ ማልያ ገዛች።

«ፈለቀ ሺሺንዳ ላይ የመታት ኳስ» አለ ያሲር ገና ሳትጠይቀው፣ «ሜዳውን ለቃ የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወጣች። ያወረዷት ዋጫ ደርሰው ነው!»

«አይተሃል?»

«ኧረ እኔ የዚያን ቀን አልነበርኩም።»

«አየሁ የሚል አንድ ሰው እስካሁን አላገኘሁም እኮ። ጋሽ ጉግሳ እንደደወሉልህ ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ደስ የሚል ወሬ ነው እንዴ?» ማልያውን እጅጌውን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ደረቱን አሳይቶ፣ ዘጠኙን ከውስጥ ሸሽጎ በሱቅ ልማድ አጠፈና ሰጣት።

ጋሽ ደጀን የቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ። በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ጠበቋት።

«ጉግሳ ቢናገር የምዋረደው እኔ ነኝ» አሉ። «መድኃኒቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያኔ ሁሉም ያመጣ ነበር።»

«ፈለቀ ሲወጋ አይተዋል?»

«መርፌው ሲገባ አይቻለሁ። ሌላ ምን ልበልሽ?» አንገታቸውን ደፉ። «ግን ልጄ፣ እኔ የማንኪራ ሰው ነኝ፤ ከቀፎ ጋር ነው ያደግኩት። ጉግሳ በጠራራ ፀሐይ ቀፎ ጋ ወጣ ሲሉኝ አላመንኩም። አላበደም።»

«ጋሽዬ፣ እጄን ቀለም ነክቶታል፤ ይቺን ማልያ ከረጢቱ ውስጥ ያድርጉልኝ።»

ጋሽ ደጀን ጠቅልለው ወተፏት።

የፈለቀ ታላቅ እህት እትዬ በዛወርቅ ገበያ መውጣት ካቆሙ ወር አልፏቸዋል። ማንኪራ ላይ ወንድማቸውን እንደ እናት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ትሕትና ማልያውን ስትሰጣቸው እንደታጠበ ልብስ ዘጠኙን መሀል ለመሀል አጠፉት።

«ሜዳው በስሙ ባይጠራም ግድ የለኝ» አሉ። «ግን "ጉልበቱ የመርፌ ነው" ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ጉግሳን አንቺ ብትጠይቂልኝ ብዬ ነበር… እንግዲህ ማን ይነግረኛል?»

«ጋሽ ጉግሳ ማልያ በሥርዓት ያጥፉ ነበር?»

እትዬ በዛወርቅ በሐዘናቸው መሀል ፈገግ አሉ። «እሱ? ወንድሜ የሰጠውን ማልያ እኮ የማር ጣሳ ይጠቀልልበት ነበር! ደጋፊዎቹ ባዩት ቁጥር ይጣሉት የለም?»

የመጨረሻው መምህር ኢያሱ ነበር፤ የደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የፈለቀን ጎሎች ከነቀናቸው የሚያስታውስ፣ ቦንጋ ከተማ መሀል ተወልዶ ያደገ ሰው። የማኅበሩ ክፍል ውስጥ ከፈለቀ ትልቅ ፎቶ ሥር ተቀምጦ አገኘችው።

«የገረመኝ» አለችው፣ «ጋሽ ጉግሳ በቀትር መውጣታቸው ነው።»

«ምን ያድርጉ? ብርሃን ሳለ ካልወጡ ማሩ አይታያቸውም።»

ትሕትና አላረመችውም። ማልያውን ሰጠችው። ኢያሱ ጠረጴዛውን በእጅጌው ጠርጎ አነጠፈው፤ ሁለቱን ጎን ወደ ውስጥ መለሰ፣ አንገትጌውን ከሥር ደበቀ፣ ታችኛውን ጫፍ አስገባ። ዘጠኙ ሙሉውን ከላይ ቀረ።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚታጠፈው?»

«የማኅበራችን ደንብ ነው። ዘጠኙ አይታጠፍም። ሰውየው ለማንም አልታጠፈማ!» አለ በኩራት።

ቅዳሜ፣ ጋሽ ጉግሳ ሊናገሩ በቀጠሩት ሰዓት፣ አራቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወንድማገኝ በሩን ዘግቶ ቆመ። ውጭ ጉሙ ከመስኮቱ ተጠግቶ ቀኑን አመሻሽ አስመስሎታል፤ ማንም መብራት ላብራ አላለም።

«ጋሽ ጉግሳን የገደለ ሰው ንብ አያውቅም» ብላ ጀመረች። «በሩ ላይ ገፋቸው፣ ድንጋዩ ላይ ወደቁ። ከዚያ ጎትቶ ዋንዛው ሥር አስተኛቸው፤ ገመድ ሰቀለ፣ ባልዲ ደፋ፣ ማር ሲቆርጡ ወደቁ እንዲባል። ማር በቀትር እንደማይቆረጥ የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም። ሊናገሩ መሆኑን የሰማችሁት እናንተ አራታችሁ ናችሁ፤ ለሌላ አልነገርንም ብላችኋል። እትዬ በዛወርቅና ጋሽ ደጀን የማንኪራ ልጆች ናቸው፤ የማርን ሰዓት ያውቃሉ። ሁለት ሰው ቀረኝ።»

ያሲር ላቡን ጠረገ። «ወላሂ እኔ…»

«ቆይ አንተ። ማልያው ጭቃ ላይ ወድቆ ነበር። አንድ ሰው አነሳው፣ ጠረገው፣ አጠፈው። ጋሽ ጉግሳ አላጠፉትም፤ እሳቸው ጣሳ ነው የሚጠቀልሉበት። ትናንት ሁላችሁም አንድ ማልያ አጥፋችሁልኛል። ያሲር ዘጠኙን ውስጥ ደበቀው፤ ነጋዴ ነዋ። ጓሮው ውስጥ ያገኘሁት ግን ጎኑ፣ አንገትጌው፣ ጫፉ ሳይቀር መምህር ኢያሱ እንዳጠፉት ነው የታጠፈው።»

«ማንም ደጋፊ እንደዚያ ነው የሚያጥፈው!» አለ ኢያሱ።

«ደጋፊው ብዙ ነው፣ መምህር። የተደወለለት አራት ሰው ነው።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሽማግሌው መሬት ላይ ተዘርረው ይተነፍሱ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ነበር። እርስዎ ያስጠለሉት ማልያውን ነው።»

ጋሽ ደጀን «ኧረ በስመአብ!» ብለው አማተቡ። ኢያሱ ፎቶውን ቀና ብሎ አየ፤ መካዱን ለመቀጠል እንኳ አልሞከረም።

«ስሙን ሊያጠፋው ነበር» አለ። «ሃያ ዓመት ስከራከርለት ኖሬ! ይተው ብዬ ልለምነው ሄድኩ። በሩ ላይ ማልያውን ይዞ ጠበቀኝ። "ስለ መርፌው" ሲል አላስጨረስኩትም፤ ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

«ሆስፒታሉ ሩቅ አልነበረም።»

«ከዳነ ይናገራላ።»

ወንድማገኝ መጥቶ እጁን በካቴና አሰረው። እትዬ በዛወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሱ ጀመር። ትሕትና ከቦርሳዋ ፖስታ አወጣች።

«ከሳጥናቸው ያገኘሁት ነው። ዛሬ ሊያነቡላችሁ የጻፉት።» ማንበብ ጀመረች። «"እኔ ጉግሳ፣ ጋሽ ደጀን የሰጡኝን መድኃኒት ለፈለቀ አንድም ቀን አልወጋሁትም። ኩላሊቱ ደካማ ስለነበረ ፈራሁለት። የወጋሁት ቫይታሚን ነው፤ እሱም አላወቀም። ሃያ ሁለቱ ብልቃጥ እንደታሸገ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ዝም ያልኩት ከሥራ እንዳልባረር ነው፤ ይቅር በሉኝ። ልጁ ያገባው ጎል ሁሉ የራሱ ነው።" ብልቃጦቹን ቆጥሬያቸዋለሁ። ሃያ ሁለት ናቸው።»

ኢያሱ ከወንበሩ ብድግ አለ። ፊቱ ሁሉ በራ።

«አላልኳችሁም?» ብሎ ጮኸ። እየሳቀ ነበር፤ እንባውም ይወርዳል። «የራሱ ነው! ያ ጉልበት የራሱ ነው! አላልኳችሁም?» የታሰሩ እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ ደስታውን የሚጋራው ሰው ፈለገ። ያሲርን አየ፤ ያሲር ፊቱን አዞረ። ጋሽ ደጀን መሬት መሬቱን ያያሉ።

«አንድ መስመር ቀርቷል» አለች ትሕትና። «"ከሁሉ በፊት ለኢያሱ ብነግረው ደስ ይለኛል፤ እሱን ያህል የወደደው የለም።"»

ሳቁ ኢያሱ ፊት ላይ እንዳለ ቀረ። ቀስ ብሎ ተቀመጠና በሁለት የታሰሩ እጆቹ አፉን ያዘ።