ጤነኛው የሸንኮራ መጭመቂያ

መርማሪዋ ወርክሾፑ በር ላይ ደርሳ ማንነቷን እንኳ ሳትናገር፣ ሦስት ሰዎች «የገደልኩት እኔ ነኝ» አሏት።

የመጀመሪያዋ የሟች ሚስት ናት። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እርጥብ የጎማ ቦቲ እንደ ሕፃን ታቅፋለች። «ትናንት አጠብኩለት። ሳይደርቅ ስላደረ ዛሬ በነጠላ ጫማ ወጣ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ቦቲ ማሽን ነክቶ አያውቅም። እኔ ነኝ የገደልኩት!»

ሁለተኛው የሚስትየው ታናሽ ወንድም ነው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። «የሞተሩን ሽቦ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። የሆነ ነገር ተሳስቼ ነው። ይሰሩኝ!» ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋላት።

ሦስተኛዋ ማሽኑን ያዘዘችው ጭማቂ ሻጭ ናት። ሽርጧን እንዳገለደመች ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላለች። «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል እያልኩ ያጣደፍኩት እኔ። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ጓደኞቼን ይዤ መጥቼ ላሳያቸው ነበር። ምን አለበት አፌን ብይዘው!»

አራተኛው ሰው ምንም አላለም። ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣት የጎደለው በያጅ ነው፤ ከሟች ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሠርቷል። እሱ አንዴ ሚስትየውን፣ አንዴ መሬቱን ያያል።

ሟቹን የሚያውቁት ሁሉ ፎርማን ይሉት ነበር። የፋብሪካ ፎርማንነቱን ከተወ ዘመን ቢቆጠርም ስሙ አብሮት ቀርቷል። አንሶላ ለብሶ ሲሚንቶው ወለል ላይ ተኝቷል። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «ኤሌክትሪክ ነው» አላት። «ቀኝ መዳፉን እዪው።»

መዳፉ ላይ የጠቆረ የቃጠሎ መስመር አለ። መርማሪዋ ቀና ብላ ማሽኑን አየች። የሮለሮቹ ማጥበቂያ እጀታ ቀለም ያልነካው ባዶ ብረት ነው፤ ውፍረቱ ከመዳፉ መስመር ጋር ልክ ነው።

ማሽኑ ያምራል። በአራት የጎማ እግር ላይ ቆሟል፤ ከላይ ሦስት ሮለሮች፣ ከሥር ሞተር፣ ከሞተሩ ጎን ክዳኑ በአራት ብሎን የታሰረ የሽቦ ሳጥን። ከሮለሮቹና ከእጀታው በቀር ሁሉም አረንጓዴ ተቀብቷል፤ የብሎኖቹ ራስ እንኳ አልቀረም። ግንባሩ ላይ የፎርማኑ ስም የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ተበይዷል። ግማሹ የተጨመቀ አገዳ በሮለሮቹ መካከል እንደተነከሰ ቀርቷል፤ ወለሉም በጭማቂ ረጥቧል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ግን ከግድግዳው ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል።

«ገመዱን ማን ነቀለው?» አለች መርማሪዋ።

ሁሉም ተያዩ። «እኔ ስገባ ተነቅሎ ነበር» አለች ሚስት።

መርማሪዋ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አለች። በአራቱም ብሎኖች ራስ ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል፤ የካቻቢቴ መግቢያቸው አዲስ ሳንቲም መስሎ ያበራል። ክዳኑ ጠርዝ ላይ የቀለም ቅርፊት ተነስቷል። በጥፍሯ አንዷን ቅርፊት አንስታ ብርሃን ላይ ያዘቻት። አንድ ስስ ሽፋን ብቻ ናት፤ ከሥሯ ሌላ ቀለም የለም።

ከኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ባለሙያ አስጠራች። ሰውየው ማሽኑን ሰክቶ በመለኪያው ሦስት ጊዜ መረመረው፤ ሳጥኑንም ከፍቶ አየ።

«ጤነኛ ነው» አላት ግራ ተጋብቶ። «የመሬቱ ሽቦ በቦታው አለ። ብረቱ ላይ የወጣ ምንም ኃይል የለም። ይኼ ማሽን ዝንብ አይገድልም።»

«ግን ሰው ገድሏል» አለች መርማሪዋ።

ምስክሮቹን አንድ በአንድ ወደ ዕቃ ክፍሉ አስገባቻቸው። ሚስትየው ቦቲውን ሳትለቅ ገባች።

«ቤታችን ከጀርባ ነው፤ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲነሳ ሰማሁት። ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ። ጨርሶ ነው ብዬ ሻይ ጣድኩ። ሻዩን ይዤ ስመጣ…»

«ድምፁ ከጠፋ በኋላ እስክትመጪ ስንት ደቂቃ ይሆናል?»

«ሻይ እስኪፈላ። ምነው ያኔውኑ ሮጬ ብመጣ!»

«ስትጮሂስ መጀመሪያ ማን ደረሰ?»

«በያጁ። ገና ከቤቱ እየመጣ ነበር መሰለኝ፣ በመንገዱ በር ሮጦ ገባ።»

ቀጥሎ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ገባ።

«ትናንት ማሽኑን ሞክራችሁታል?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ። እሷም ነበረች፣ ጭማቂ ሻጯ። ገና አልተቀባም ነበር። ጋሼ ፎርማን አገዳ አስገባ፣ አንድ ብርጭቆ ጨመቀላት።»

«የነዘረው ሰው ነበር?»

«የለም። ግን ኢንስፔክተር፣ አንዳንዴ ሽቦ ይላላል…»

«ከሙከራው በኋላ የት ሄዳችሁ?»

«ጋሼ፣ እኔና እሷ አገዳ ልንመርጥ ገበያ ሄድን። ስንመለስ መሽቷል፤ በያጁ ቀብቶት፣ ቆልፎት ሄዶ ነበር።»

ጭማቂ ሻጯም ይህንኑ አለች፤ አንድ ነገር ብቻ ጨመረች። «ብርጭቆውን ስቀበል እጀታውን በእርጥብ እጄ ተደግፌ ነበር። ጥፍጥናው ገርሞኝ መልቀቁንም ረሳሁት። ምንም አልሆንኩም።»

በያጁ መጨረሻ ገባ። መልሱ ሁሉ አጭር ነው። ትናንት ቀባ፤ ቆልፎ ሄደ፤ ዛሬ ጩኸት ሰምቶ ሮጦ መጣ።

«ማሽኑ ጥሩ ነው ይላሉ» አለችው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ በራ። «ሦስተኛዋ ሮለር ናት ምስጢሩ። በሁለት ሮለር የሚሠራው ግማሹን ጭማቂ ገለባው ውስጥ ይተወዋል። ሦስተኛዋን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ማስጠጋት ነው። ማዕዘኑን ለማግኘት ሁለት ዓመት ነው የፈጀብኝ።»

«የፈጀብዎት?»

«የፈጀብን» አለ በያጁ፤ ፊቱም መልሶ ጨለመ።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑ ከተነሳ ወዲያ መርማሪዋ ሁሉንም ማሽኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ረዳቷ በሩ ላይ ቆመ።

«ከጠዋት ጀምሮ ሁላችሁም ጥፋተኛ ነን ትሉኛላችሁ» አለች። «እኔ ግን ከማሽኑ ልጀምር። ፎርማኑን የገደለው ይኼ እጀታ ነው፤ መዳፉ ይመሰክራል። ባለሙያው ሲመረምረው ግን ማሽኑ ጤነኛ ነው። ታዲያ ጠዋት ገዳይ የነበረ ማሽን በሁለት ሰዓት ውስጥ በራሱ አይድንም። ሰውየው ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው ገመዱን ነቅሎ፣ ሳጥኑን ከፍቶ፣ ሽቦውን አስተካክሎ ዘግቶታል።»

«ለምን ያስተካክለዋል?» አለች ጭማቂ ሻጯ።

«ጥፋቱ እንዳይገኝ። ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደተበላሸ ወዲያው ማወቅ የሚችለው ደግሞ ያበላሸው ሰው ነው።»

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ራሱን ያዘ። «በቃ፣ እኔ ነኝ ሊሉ ነው።»

«አንተ አይደለህም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽኑ ደህና ነበር፤ እርጥብ እጅ ተደግፎበት አልነዘረም። ያንተ ሥራ ስህተት ቢኖረው ያኔ ይታወቅ ነበር። ከዚያ ከእሷና ከፎርማኑ ጋር ወጣህ።» ወደ ሳጥኑ ዞረች። «አሁን ብሎኖቹን እዩ። የተቀቡት ከታሰሩ በኋላ ነው። ቀለሙ ከደረቀ ወዲህ አንድ ጊዜ ተፈትተዋል፤ እሱም ዛሬ ጠዋት ለማስተካከል ነው። ትናንት ከተቀባ በኋላ ተፈትተው ቢሆን ኖሮ የተሰነጠቀውን ለመሸፈን እንደገና መቀባት ያስፈልግ ነበር፤ ቅርፊቱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የተቀባ ነው። ስለዚህ ሽቦው የተበላሸው ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት ነው። ከሙከራው በኋላ፣ ከቀለሙ በፊት።»

መርማሪዋ ከሳጥኑ ቀና አለች።

«በዚያ ሰዓት ከማሽኑ ጋር የነበረው አንድ ሰው ነው። የቀባው።»

ሁሉም ወደ በያጁ ዞሩ። በያጁ አልካደም። ብረት መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

«ይነዝረዋል ብዬ ነው እንጂ ይገድለዋል ብዬ አይደለም» አለ። «ቦቲ ስለሚያደርግ ትንሽ ይነዝረዋል፣ ይደነግጣል። የሻጯ ጓደኞች ባሉበት ምን እንደሆነ ሲጠፋው፣ እኔ ብድግ ብዬ በአንድ ደቂቃ እጠግነዋለሁ። ያኔ ማሽኑን የሚያውቀው ማን እንደሆነ ሁሉም ያያል ብዬ ነው።» ሁለት ጣት የጎደለውን እጁን ወደ ነሐሱ ሰሌዳ ዘረጋ። «መጀመሪያ የሠራነው ማሽን ጣቶቼን ወሰደ። ይኼኛውን ከሐሳቡ እስከ ብየዳው እኔ ሠራሁት። ትናንት ያንን ሰሌዳ ይዞ መጥቶ 'ቦታውን ቆንጆ አድርገህ በይድልኝ' አለኝ። በየድኩለት።»

«ጭማቂ ሻጯ ብትነካውስ?» አለች መርማሪዋ።

«ማንም ሳይነካው እቀድማለሁ ብዬ ነበር። እሱ ብቻውን ሊሞክረው በጠዋት ይገባል ብዬ መቼ አሰብኩ?»

«ጠዋት ምን ሆነ?»

«ከበሩ ድምፁን ሰማሁ። ሮጥኩ። እጀታው ላይ ተጣብቆ ነበር። ገመዱን ስነቅለው ወደቀ።»

መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይተነፍስ ነበር?»

በያጁ ዓይኑን ወደ ሲሚንቶው ወለል ጣለ።

«አንተ ሰው!» አለች ሚስት ብድግ ብላ። ቦቲው ከእቅፏ ወደቀ። «ጠዋቱን ሙሉ አጠገቤ ቁጭ ብለህ 'አይዞሽ እህቴ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም' ስትለኝ ነበር እኮ!»

«እውነቴን ነበር» አለ በያጁ። «ከዛሬ ንግግሬ እውነት እሱ ብቻ ነው።»

«የጠየቁህን መልስ» አለችው ሚስት። «ይተነፍስ ነበር?»

«ይተነፍስ ነበር።»

«ስንት ደቂቃ?» አለች መርማሪዋ።

«አራት ብሎን እስክፈታ፣ መልሼ እስካስር» አለ። «ሰው ልጥራ ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ። ሳጥኑን ከፍተው ካዩ አለቀልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ስጨርስ ዝም ብሏል። በመንገዱ በር ወጥቼ፣ ጩኸት ስሰማ ገና እንደመጣ ሰው ሆኜ ገባሁ።»

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሊዘልበት ሲል ጭማቂ ሻጯ ወገቡን አቅፋ ያዘችው። ረዳቱ መጥቶ በያጁን ክንዱን ያዘው፤ እሱም እንደ በሽተኛ ቀስ ብሎ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርሱ ሚስትየው መንገዱ ላይ ቆመችበት። ሁሉም ትመታዋለች ብለው ጠበቁ።

«ምንም አላለም?» አለችው። «በዚያ ሁሉ ጊዜ ምንም አልተናገረም?»

በያጁ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«'ወንድሜ' አለኝ» አላት። «ሃያ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።»

እሷም ከመንገዱ ዞር አለችለት።